ባዶው የፊት ወንበር

ባይሳ የሚባል አንድ ሰው ነበር፤ የአንድ እግር ኳስ ክለብ ረዳት አሰልጣኝ። ክለቡ ከውጭ አገር ነጭ አሰልጣኝ ያስመጣል፤ ሰውዬው ይሸነፋል፤ ይሰናበታል። ያን ጊዜ ባይሳ "ጊዜያዊ አሰልጣኝ" ይባላል። ቡድኑን ከመውረድ ያተርፈዋል። ወዲያው ሌላ ነጭ ይመጣል፤ ባይሳም ወደ ረዳትነቱ ይመለሳል። ትምህርት አንሶት ነው? አላነሰውም። ልምድ? እሱም ሞልቷል።

በቡድኑ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ልማድ ነበር፣ ወገኖቼ። ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር የዋናው አሰልጣኝ ነው። ባይሳ ጊዜያዊ በሆነ ቁጥር ያ ወንበር ባዶውን ይሄዳል። አትቀመጥ ያለው ማን ነው? ማንም። ተቀመጥ ያለውስ? እሱም ማንም።

"ኮች፣ ፊት አይቀመጡም እንዴ?" አለው አምበሉ ምንተስኖት።

"ባለቤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል።"

"ባለቤቱ ሳይመጣ አይደል እንዴ የምናሸንፈው?"

ባይሳ ወደ መስኮቱ ዞረ። ዘንድሮም ዋና አሰልጣኝ ሳያደርጉት ካለፉ ሥራውን ሊተው ቆርጧል፤ ለሚስቱም ነግሯታል። ኳስን ትቶ ምን እንደሚሆን ግን አያውቅም።

ለጨዋታ ሌላ ከተማ ደረሱ። የክለቡ ሊቀመንበር አቶ ግዛውም አብሯቸው ነበር። አበባ የያዘ አስተናጋጅ እየሮጠ መጣ፤ ባይሳን አልፎ፣ የበረዶ ሣጥን ታቅፎ ወደሚወርደው ወደ ነጩ ወጌሻ ወደ ሉካ ሄደ።

"እንኳን ደህና መጡ፣ አሰልጣኝ!"

"እኔ ወጌሻ!" አለ ሉካ በተሰባበረ አማርኛ። "እኔ እግር ማሸት። አሰልጣኝ እሱ!"

ተጫዋቾቹ በሳቅ ፈነዱ። "ሉካ፣ ዛሬ እኔን አሰልፈኝ፣ አደራ!"

አቶ ግዛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው! ነጭ ሁሉ አሰልጣኝ ይመስላቸዋል?"

ባይሳ ቀና ብሎ አየው። አልተቆጣም።

"ጋሼ፣ ሰውዬው የተሳሳተው ለአንድ ደቂቃ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እኛስ ስንት ዓመታችን?"

የአቶ ግዛው ሳቅ ቆመ።

ጨዋታው አቻ ወጣ። አስደናቂ ድል አልነበረም። ሲመለሱ ግን አቶ ግዛው አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው።

"ባይሳ፣ ፊት ሂድ።"

"እስከ መቼ?"

"የሚመጣውን ሰውዬ አትምጣ እለዋለሁ። ቦርዱ ይጮህብኛል፤ ይጩኽ። አንተ ግን ተቀመጥ።"

ባይሳ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ሄዶ ተቀመጠ።

"ቀበቶ፣ ኮች!" አለ ሾፌሩ። "እዚህ የሚቀመጥ ሰው ያስራል።" ከኋላ ጭብጨባው አውቶቡሱን ሞላው።

እናንተ በአስተናጋጁ ሳቃችሁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን በየመሥሪያ ቤታችሁ፣ በየማኅበራችሁ፣ እዚሁ በቤተ ክርስቲያናችን፣ አበባውን ይዛችሁ ማንን አልፋችሁ ሄዳችሁ? መልኩን አይታችሁ፣ ወይም የመጣበትን አገር ሰምታችሁ፣ ሥራውን ሳታዩ "ጊዜያዊ" ያላችሁት ማንን ነው? ነገ ሰኞ ነው። ሂዱና ያን ሰው በስሙ ጥሩት፤ ተቀመጥ በሉት። የሚጮህባችሁ ካለም ይጩኽ።

እናንተ ደግሞ፣ ከባዶው ወንበር ኋላ መቀመጥ የለመዳችሁ፣ ስትጠሩ ተነሡ። እግዚአብሔር ሲፈጥራችሁ ጊዜያዊ አላላችሁም።