ያልነጣው መሳቢያ

አንድ አናጢ ዝናብ በማያጣት ከተማ ውስጥ ይኖር ነበር። ስሙ አሰግድ ይባላል። አልጋና ቁም ሣጥን እንደማንኛውም አናጢ ይሠራል፤ ስሙን ያስጠራው ግን ሌላ ሙያ ነው። የጠቆረ እንጨት ያነጣል። ሰው ጭስና ዘመን ያጠቆረውን የአያቱን ወንበር አሸክሞ ይመጣና እንደ ወረቀት የነጣ ወንበር ይዞ ይመለሳል። በዚያ ሰሞን በከተማዋ ነጭ የቤት ዕቃ የሌለው ሰው እንግዳ መጥራት እስኪያፍር ድረስ ተደርሶ ስለነበር፣ የአሰግድ ገበያ ደርቶለት ነበር።

ማንጫው በሁለት ጠርሙስ የሚመጣ ነው። የመጀመሪያው ሲቀባ እንጨቱን ጭራሽ ያጠቁረዋል፤ አሠራሩን የማያውቅ ሰው ቢያይ ዕቃዬ ተበላሸ ብሎ ይጮኻል። ሁለተኛው ሲደረብበት ግን አረፋ ይደፍቅና ጥቁረቱ ዓይን እያየው ይለቃል። ሁለቱም ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ስለዚህ አሰግድ የጎማ ጓንትና መነጽር ሳያደርግ ጠርሙስ አይከፍትም። ሲጨርስ እንጨቱን በአቼቶና በውሃ ያጥበዋል፣ ጥላ ውስጥ ያደርቀዋል፣ ውሃው ያሻከረውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል። ደንበኞቹን ደግሞ አንድ ነገር ሳያስጠነቅቅ ዕቃቸውን አይቀበልም።

«ይኼ መድኃኒት እድፉን ብቻ ለይቶ አያነሳም» ይላቸዋል። «የእንጨቱን የራሱን መልክም ይዞት ነው የሚሄደው። አንዴ ከሄደ ደግሞ አይመለስም።»

ሰዎቹ ግድ የለም ይሉታል፤ እሱም ሥራውን ይሠራል። ይህን ሁሉ ሰው ሲያስጠነቅቅ የኖረ አናጢ ለራሱ መንገሩን ይረሳል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

አባቱ ጋሽ ደምሰውም በዘመናቸው አናጢ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መሮና ፒያላቸውን ለልጃቸው አስረክበው ቤት ዋሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ካረፉ ወዲህ ግን ዝምታ አበዙ። ቀኑን ሙሉ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ካለው የዋንዛ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው ይውላሉ። አሰግድ ግቢው ውስጥ ከሚገኘው እንጨት ቤቱ ብቅ እያለ ደህና መሆናቸውን ጠይቆ ይመለሳል። ምግባቸውን ያቀርብላቸዋል፤ የራሱን ግን ሥራ እንዳይፈታ እዚያው ብናኙ መሐል ቆሞ ይጎርሳል።

ያን ጠረጴዛ ጋሽ ደምሰው ለሠርጋቸው በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው። ያኔ ዋንዛው ገና መሰንጠቁ ስለነበር መልኩ የአዲስ ገለባ መልክ ነበረው ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያጠቆረው ኑሮ ነው። ወይዘሮ አስካለ የስፌት መኪናቸውን አስቀምጠውበት ልጆች አሳድገውበታል። አንድ ቀን የረሱት የከሰል ካውያ መሐሉ ላይ ጠባሳ ጥሎበታል። አሰግድ ፊደል በቆጠረበት ዓመት የደፋው ቀለም ጥጉ ላይ ሰማያዊ ኩሬ መስሎ ቀርቷል። እናቱ ሲሰፉ ግራ ክርናቸውን የሚያሳርፉበት ጠርዝ ደግሞ ከሌላው ቦታ ሁሉ ጠቁሮና ለስልሶ ያብረቀርቅ ነበር። ክረምት ሲሆን አሰግድና እህቱ ጸዳለ ጠረጴዛው ሥር ጋደም ብለው፣ ከላይ የመኪናውን ከውጭ የዝናቡን ድምፅ እየሰሙ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ አሰግድ ከዚያ ወዲህ ተኝቶ አያውቅም።

ጠረጴዛው አንድ መሳቢያ አለው። የወይዘሮ አስካለ ክርና ቁልፍ ይቀመጥበት የነበረ ነው፤ አሁን ባዶ ነው። ጋሽ ደምሰው ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ መስኮቱ ስትዞር መሳቢያውን ይስቡና ውስጡን ትክ ብለው ያያሉ። ቆይተው ይመልሱታል። በማግስቱም እንደዚያው ነው። አሰግድ ምን እንደጠፋቸው ሲጠይቃቸው ምንም አልጠፋኝም አሉት። እሱ ግን አላመናቸውም። ሚስታቸው መሞታቸውን እየረሱ የእናቱን ክር የሚፈልጉ መሰለውና አንጀቱን በሉት።

ብዙ ካሰበ በኋላ አንድ ነገር ብልጭ አለለት። ይህ የጠቆረ ጠረጴዛ ነው አባቴን የሚያስተክዘው፤ በሠርጋቸው ቀን ወደነበረው መልኩ ብመልስላቸው ልባቸውም አብሮ ይመለሳል አለ። ከተማውን ሁሉ ያነጣ እጅ ለገዛ አባቱ እንዴት ይሰንፋል?

ጸዳለ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ ጋሽ ደምሰው ጥቂት ቀን ሊሰነብቱ እሷ ዘንድ ሄዱ። አሰግድ ያቺን አጋጣሚ ነው የጠበቃት። ጠረጴዛውን ወደ እንጨት ቤት አወጣው። መሳቢያውን መድኃኒት እንዳይነካው ነቅሎ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠው፤ ውስጡን አላየም። ባዶ መሳቢያ ምን ይታያል ብሎ ነው። የካውያውን ጠባሳና የቀለሙን ኩሬ በፒያላ ላጋቸው። ከዚያ ጓንቱን አጥልቆ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከፈተ። የእናቱ ክርን ያረፈበት ጠርዝ ላይ ሲደርስ ብሩሹን ያዝ አደረገ። ግን ግማሹን ቀብቶ ግማሹን መተው ለአናጢ ነውር ነውና ቀባው።

አረፋው ወርዶ እንጨቱ ሲደርቅ ጠረጴዛው ነጣ። የገለባ መልክ ግን አልነበረውም፤ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ነው የሚመስለው። አሰግድ ትንሽ ነጭ በዛበት እንጂ መቼስ አምሯል ብሎ ራሱን አጽናና፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ መሳቢያውን መልሶ ሰክቶ ቦታው መለሰው።

ጋሽ ደምሰው ሲመጡ አሰግድ በር ላይ ጠብቆ እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። ሽማግሌው ጠረጴዛውን ከሩቅ አዩት። ቀርበው በለመደ እጃቸው ጠርዙን ዳሰሱት። መዳፋቸው ወዲያና ወዲህ ሄደች፣ ተመለሰች፣ የምትፈልገውን አጣች።

«ክርኗስ?» አሉ።

አሰግድ ያን ጊዜ ክው አለ። እየተንተባተበ፣ በሠርጋቸው ቀን ወደነበረው መልኩ ሊመልስላቸው ብሎ እንዳደረገው፣ ትካዜያቸውን አይቶ አላስችል ስላለው እንደሆነ አስረዳቸው። ጋሽ ደምሰው አልተቆጡም። ቢቆጡት በቀለለው። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና እንደልማዳቸው መሳቢያውን ሳቡት።

አሰግድ በዚያ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ውስጡን አስተዋለ። ፀሐይ ያልደረሰበት፣ ጭስ ያልነካው ዋንዛ ነው። ትኩስ፣ የአዲስ ገለባ መልክ ያለው፣ አባቱ ሲያወሩለት የኖሩት ያ መልክ ነው። ከነጩ ጠረጴዛ ሥር ሲወጣ የሌላ ዕቃ ክፍል ይመስል ነበር።

«የሠርጌ ቀን ይኸውልህ» አሉ ጋሽ ደምሰው። «ሙሽራ ሆና የመጣችዋን አስካለን ማየት ሲያምረኝ ይህን እከፍታለሁ። አብራኝ ያረጀችዋን ሳስብ ደግሞ ከላይ እዳስሳለሁ። ሁለቱም ነበሩኝ እኮ፣ ልጄ።»

አሰግድ እንደ ልጅ አለቀሰ። እንባውን ጠርጎ፣ መልሶ የሚያጠቁር ቀለም እንዳለ፣ ሲቀባ ከበፊቱ እንደማይለይ ነገራቸው።

«ቀለሙንስ ትቀባዋለህ» አሉት። «ክርኗን ማን ያሳርፍልሃል?»

ሽማግሌው መሳቢያውን በቀስታ ዘጉና ሻይ አፍልቶ እንዲያመጣላቸው ጠየቁት፤ «ሁለት ብርጭቆ» አሉት። ሲያመጣ የእሳቸውን ተቀብለው ትኩሱን ብርጭቆ አዲሱ ቫርኒሽ ላይ ቁጭ አደረጉት። የአሰግድ እጅ ልማድ ሆኖባት ጨርቅ ፍለጋ ተነሳች። አባቱ ያዙት። ብርጭቆውን ሲያነሱ ነጩ ጠረጴዛ ላይ ክብ ምልክት ቀርቶ ነበር።

«ተወው» አሉ። «ይልቅ ወንበር ሳብና ተቀመጥ። ክርንህንም አሳርፍ።»

አሰግድ ተቀመጠ። እናቱ ይቀመጡ በነበረበት በኩል ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቆሞ መጉረሱን ትቶ ከአባቱ ጋር በዚያ ጠረጴዛ መብላት ጀመረ። ጋሽ ደምሰው ጥቂት ዓመት ኖረው አረፉ። ጠረጴዛው ዛሬ በሁለት በኩል ጠርዙ ወየብ ማለት ጀምሯል። አሰግድ ማንጣቱን አልተወም፣ መተዳደሪያው ነውና። ነገር ግን አሮጌ ዕቃ ይዞ የሚመጣን ሰው አሁን አስቀድሞ ዕቃው ላይ ማን ይቀመጥ እንደነበር ይጠይቀዋል፣ መሳቢያ ካለውም እዚያው ፊቱ ያስከፍተዋል። አንዳንዱ ይከፍትና ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ወዳጆቼ፣ ድሮን የምንናፍቅ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያ ጊዜ እንዲመለስልን ከዚያ ወዲህ የኖርነውን ልናጥብ እንነሳለን። ያረጀው ፊት ወጣት ሆኖ እንዲታየን፣ ያዘነው ሰው የትናንቱን ሰው እንዲሆንልን እንፈልጋለን። ሲታጠብ ግን የሚገኘው ድሮ አይደለም፤ ማንም ያልኖረበት ነጭ ነገር ነው። የምንናፍቀው ዘመን በጸጥታ ተቀምጦ የሚጠብቀን ቦታ አለው፤ ከሚያውቀው ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ያዘነ ሰውም ከዕቃው መታደስ ይልቅ አጠገቡ የሚያርፍ ክርን ይሻለዋል።

እስቲ ቤታችሁ ያለውን አሮጌ ጠረጴዛ አስቡት። ጠርዙን ያጠቆረው የማን ክርን ነው? ሰውየው ዛሬም በሕይወት ካለ፣ አጠገቡ የተቀመጣችሁት መቼ ነው?