ደመናውን ሜዳ ያለው ሹፌር

አንድ ሹፌር ነበር። በስሜን ተራራ ዐሥራ ስምንት ዓመት ነድቷል። ገደል ግን የማንንም ዓመት አይቆጥርም።

አንድ ቀን፣ ምጥ የጠናባት ስመኝ የምትባል ሴት ከኋላ ተኝታ፣ አባቷ አያ ፈንቴ ከጎኑ ተቀምጠው፣ ላንድክሩዘሩን ወደ ሐኪም ቤት አቀና። ናዳ መንገዱን ቆርጦት አገኘው። ምን ያድርግ? ከመንገድ ወጥቶ በጓሳው ሣር ላይ መንዳት ጀመረ። በግራው ገደል ነው።

ጉም ወረደ። ምድር የለ፣ ሰማይ የለ። የጅብራ ዛፎቹ በነጩ ውስጥ ቆመው ሰው ይመስላሉ፤ ሲደርሱባቸው ተመልሰው ዛፍ ይሆናሉ። ሹፌሩ ረጅሙን መብራት አበራ። ጉሙ ይብሱን ነጣ።

«መብራትህን ዝቅ አድርግ፣ ልጄ» አሉት አያ ፈንቴ። «እኔ ወርጄ ልምራህ።» ጋቢያቸውን አውልቀው ለልጃቸው ደረቡላት።

«ኧረ አያ፣ ይልበሱት፤ ብርዱ አይቻልም።»

«ነጭ ለብሼ በጉም ውስጥ በምን ታየኛለህ?»

ሰማችሁ ወገኖቼ? እንዲታዩት ብለው በጥቁር ኮታቸው ብቻ ወረዱ።

ሽማግሌው መሬቱን በዱላቸው እየነኩ ከፊት፣ መኪናው መብራቱን ዝቅ አድርጎ ከኋላ፣ በሕልም እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብለው ሄዱ። ሞተሩ እንኳ ከሩቅ የሚሰማ ይመስል ነበር። ስመኝ ታቃስታለች። ድንገት ጉሙ ሳሳና በግራ በኩል ፀሐይ ያረፈበት፣ ለጥ ያለ ነጭ ሜዳ ታየ። ሹፌሩ ገደሉን ያለፉት መሰለው። አያ ፈንቴ ግን ወደ ቀኝ፣ ወደ ድንጋዩ ታጠፉ።

ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ዞር አላሉም። «እኚህ ሰውዬ ልጃቸውን ሊገድሏት ነው» ብሎ መሪውን ወደ ግራ ሊጠመዝዝ ሲል ነፋስ መጣ። ሜዳው ተነሥቶ ሄደ። ለካስ ሜዳ አልነበረም፤ ገደሉ ላይ የተኛ ደመና ነው።

ከዚያ በኋላ ከኮቱ ጀርባ ዐይኑን አልነቀለም። ሐኪም ቤት ደርሰው ስመኝ በሰላም ተገላገለች። ሕፃኑን ለአያቱ ሲሰጧቸው ጣቶቻቸው በብርድ ደርቀው አልታጠፍ አሏቸው። በክንዳቸው ታቀፉት።

እናንተስ? «ጌታ ሆይ፣ ሜዳው እዚህ እያለ ለምን በድንጋይ ትወስደኛለህ?» ብላችሁ ስንት ጊዜ ጥሩንባ ነፋችሁ? እኔ ነፍቻለሁ፤ አልዋሻችሁም። ዞር ሳይል ሲቀር ደግሞ አኩርፌያለሁ። ስለ እኛ ልብሱን ተገፎ ከፊታችን የሚሄደውን ጌታ አኮረፍሁት።

ልጆቼ፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ «እኔ ዐውቃለሁ» የሚለውን መብራታችሁን ዝቅ አድርጉ። ጀርባው ይታያችኋል።