ዝንጀሮ ማካፈል ያቃተው ሽምብራ

ሽምብራ የምትቆረጥሙ እስቲ መንጋጋችሁን አሳርፉ፤ ተረቴ የሽምብራ ነው፣ ያፍራል።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው በሚዋሹበት ዘመን፣ አንዲት ጅግራ ነበረች። ችጋር በገባበት ዓመት መቶ አስራ ሦስት ፍሬ ሽምብራ ለዘር አስቀምጣ ነበር። ጫጩቷ "እማዬ፣ አንዲት ፍሬ ብቻ!" እያለ አለቀሰ። እሷ ግን "አይሆንም ልጄ፤ አንዷ ናት ሌሎቹን የምትጠብቃቸው" አለችው።

የዚያን አገር ሕግ ያወጣው ዝንጀሮ ነው። ሕጉም፣ "በችጋር ጊዜ የተገኘ እህል እኩል ከተካፈለ ይበላል። ትራፊ ካለው ጠብ ያመጣልና እህሉ ሁሉ ለባለቤቱ ይመለሳል። እኩል የደረሰን ድርሻ ግን ማንም አይነካም" ይላል።

ዝንጀሮ የሽምብራውን ወሬ ሰምቶ ከተፍ አለ። "መጀመሪያ የመቀመጫዬን" ብሎ አንድ ድንጋይ ጠራርጎ ተቀመጠ።

"እመት ጅግራ፣ ለእኔና ለአንቺ፤ ለሁለት እንካፈለው።"

ሽምብራውን በጅግራ ሰፌድ ላይ አካፈለው። አንድ ተረፈ።

"ተርፏል፣ አያ ዝንጀሮ" አለ ሰፌዱ።

ዝንጀሮ ወንድሙን ጠራ፤ ሦስት ሆኑ። ሁለት ተረፈ።

"ተርፏል፣ አያ ዝንጀሮ።"

"ለአራትስ?"

"ለሁለት እምቢ ያለ ለአራት እሺ አይልም።"

ሁለት አጎቶቹን ጠራ፤ አምስት ሆኑ። ሦስት ተረፈ። ሁለት አማቾቹን ጠራ፤ ሰባት ሆኑ። ለእያንዳንዳቸው አስራ ስድስት፣ አስራ ስድስት ደረሳቸው። ሰፌዱ ላይ አንዲት ፍሬ ቀረች፤ ጫጩቱ ያለቀሰላት ያቺ አንዲት ፍሬ።

"ተርፏል፣ አያ ዝንጀሮ።"

"ዘመድ መች ጠፋኝ! አስራ አንድ እንሁን!"

"አትድከም" አለ ሰፌዱ። "አስራ አንዳችሁ አስራ አንድ፣ አስራ አንድ ብትወስዱ መቶ ሃያ አንድ ያስፈልጋል፤ ያን ያህል የለም። ከአስራ አንድ ጀምሮ የፈለግኸውን ያህል ዘመድ ብታመጣ፣ የሚደርሳችሁ ከአስራ አንድ በታች ነው። ለብዙዎች ሰባት ሰባት የሚደርስ ቢሆን ለሰባትም እኩል በተካፈለ ነበር፤ ትንንሾቹን ቁጥሮች ደግሞ ሞክረህ አይተሃቸዋል።"

"እንግዲያው ለአንድ ይሁን! ሁሉም ለእኔ!"

"ለአንድማ ከሆነ ድሮም የአንድ ነበር፤ የባለቤቷ።"

አጎቶቹ ሳቁ። ዝንጀሮ ግን "ነገ ዘመዶቼን ሁሉ ይዤ እመጣለሁ" ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ሲመጣ ሰፌዱ ባዶ ነው።

"ሽምብራው የት አለ?"

"አካፈልኩት" አለች ጅግራ፣ እግሯ ጭቃ እንደሆነ። "ለመቶ አስራ ሦስት ጉድጓድ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ።"

"ትራፊስ?"

"ምንም አልተረፈም፣ አያ ዝንጀሮ። እኩል የደረሰን ድርሻ ደግሞ ማንም አይነካም ብለሃል።"

ዝንጀሮ አፉን ከፈተ፤ የገዛ ሕጉ ዘጋው። መኸሩ ሲደርስ የመጀመሪያውን እሸት ጫጩቱ በላ፤ ያን ቀን ጅግራ አልቆጠረችም።

ሊበሉት ሲያካፍሉት እምቢ ያለ፣ ሊዘሩት ሲያካፍሉት እሺ ይላል። እኔ ተረቴን ዘራሁ፤ አረሙን እናንተ ንቀሉ።