የጃርት ኳስና እንግዳው ዳኛ

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ አፍ አውጥተው ይናገሩ በነበረበት፣ ጆሮ ሰጥቶ የሚሰማ ግን እንደ ዛሬው ጥቂት በነበረበት ዘመን፣ አንዲት ጃርት ነበረች። እመት ጃርት ይሏታል። እጀ ብልኅ፣ ዝምተኛና ፈሪ ነበረች። ፈሪ ስላልኋችሁ አትሳቁ ልጆቼ፤ ልጅ ያለው ሁሉ ፈሪ ነው።

የእመት ጃርት ልጅ እንኮይ ትባላለች። ከተወለደች ገና ወር አልሞላትም። እሾኽዋ እንደ ሣር ለስላሳ ነው። እሾኽዋ ሳይጠነክር ከጉድጓዷ ርቃ ብትገኝ ያገኛት ሁሉ አንድ ጉርሻ ያደርጋታል። ስለዚህ እናቷ ሥር ልትቆፍር ስትወጣ ሦስት ጊዜ ዞራ ታያለች፤ አንዴ ከደጃፏ፣ አንዴ ከቁጥቋጦው፣ አንዴ ከሜዳው ዳር።

ሜዳው ሰፊ ነበር። በላይ በኩል ዝንጀሮዎች ይኖራሉ፤ በታች በኩል ከርከሮዎች ይኖራሉ። ታኅሣሥ ሲገባ ሁለቱ ወገኖች ኳስ ይጋጠማሉ። እግርም፣ እጅም፣ አፍንጫም ይፈቀዳል። ያሸነፈው በበጋው ከምንጩ ቀድሞ ይጠጣል፤ የተሸነፈው የደፈረሰውን ይጠጣል። እንግዲህ ጨዋታ ነው ብላችሁ አትናቁት።

ኳሷን የምትሠራው እመት ጃርት ነበረች። የሞተ በሬ ፊኛ ትነፋለች፣ ቁርበት ታለብሰዋለች፣ ከገላዋ በነቀለችው እሾኽ እየወጋች በጠፍር ትሰፋዋለች፣ መንጠልጠያም ታበጅለታለች። ስለዚህ ሥራዋ በሜዳው ዳር ጉድጓድ ተፈቅዶላት ትኖራለች። ሕጉ ግን ጥብቅ ነበር፤ ኳስ ያበላሸ ሠሪ ከነልጁ ከሜዳው ይባረራል።

በዚያ ዓመት ዝንጀሮዎች ሦስት ለባዶ አሸነፉ። አሸንፈው ሲጨፍሩ የከርከሮዎቹ ደጋፊ፣ አለቃ ከርከሮ፣ ወደ ኳሷ ሄደና በአፍንጫው ቢጫናት ስርጉድ አለችለት።

"ኡኡ!" አለ። "ኳሷ ለስልሳለች! ተወግታለች! ለስላሳ ኳስ የሚመቸው ለማን ነው? ጣት ላለው ነው! በአፍንጫ የሚጫወት ምን ይሁን?"

"ወግድ እዚያ!" አለችው ጦጢት። ጦጢት የዝንጀሮዎቹ ደጋፊ ናት፤ ምላሷ ከእግሯ ይቀድማል። "ሦስቱም ጎል ሲገባ ተገትራችሁ ስታዩ ነበር። አፍንጫችሁ ኳስ ያገኘው ዛሬ ገና ነው!"

ያኔ ከወዲያም ከወዲህም ጩኸት ተነሣ። ተወግታለች! አልተወጋችም! ሲስስስ ስትል ሰምቻለሁ! የት ሆነህ ሰማህ? ጀርባህን ሰጥተህ ስትበላ አልነበር! በዚህ መካከል አንዱ "ለመሆኑ ወስፌ ያለው ማን ነው?" አለ።

ዓይን ሁሉ ወደ እመት ጃርት ዞረ። ምስኪኗ ስትደነግጥ ደግሞ እሾኽዋ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። "አያችሁ? አያችሁ?" አሉ።

ልጆቼ፣ ኳሷን የወጋ አልነበረም። እመት ጃርት ኳሷን የነፋቻት በዋዜማው ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ ነው። ፊኛ ሲሞቀው ይነፋል፤ ሲበርደው ይኮማተራል። ሌላ ጊዜ ጨዋታው የሚጀመረው ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ስትሞቅ ነበር። ዘንድሮ ደጋፊው ቸኩሎ፣ ውርጩ ከሣሩ ሳይነሣ "ይጀመር! ይጀመር!" ብሎ አስጀመረው። ነገሩ ይኸው ነው።

"ጌቶቼ፣" አለች በቀጭን ድምፅ፣ "ኳሷን እስኪ ፀሐይ ላይ አስቀምጧት። ስትነፋ ታዩዋታላችሁ።"

"ተከሳሽ ስለ ኳስ አይናገርም!" ብለው ጮኹባት።

ከዚያ ወደ ንጉሡ ወደ አንበሳ ሄዱ። "ጃንሆይ፣ ይፍረዱልን" አሉ።

አንበሳም፣ "እኔ አልፈርድም" አለ። "ከዚህ ምንጭ የጠጣ ሁሉ ከአንዱ ወገን ነው፤ እኔም ጠጥቻለሁ። የአባቶቻችን ልማድ የታወቀ ነው። ዳኛው ከምንጩ ጠጥቶ የማያውቅ ባዕድ ይሁን። የሚፈርድ ዕለትም በሕዝብ ፊት አፉን ተጉመጥምጦ ይናገር፤ በአደፈ አፍ አይፈረድም።"

እንዲህ እያሉ ሳለ አንድ መንገደኛ እያነከሰ መጣ። አያ ጅቦ ነበር። እናንተ አያ ጅቦን ታውቁታላችሁ። እነሱ ግን ጅብ የሚባል ነገር በአገራቸው አይተው አያውቁም።

"ከምንጫችን ጠጥተሃል?" አሉት።

"አልጠጣሁም።"

"ከዝንጀሮ ትዛመዳለህ?"

"አልዛመድም።"

"ከከርከሮስ?"

"ምን በወጣኝ!"

"ይኸው ዳኛ ተገኘ!" አሉ። ምን ትበላለህ ብሎ የጠየቀው አንድም አልነበረም።

አያ ጅቦ ደረቱን ነፋ። "ዳኛ አፈር ላይ አይቀመጥም፤ ቁርበት አንጥፉልኝ" አለ። "ጌታችን፣ ከዚህች ኳስ ልብስ በቀር ቁርበት የለንም" አሉት። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። "ግድ የለም፣ እሷኑ እደገፋታለሁ። ማስረጃ ከዳኛ እቅፍ አይወጣም። ሦስት ቀን እመረምራለሁ።" ኳሷን አቅፎ ወደ ዋሻ ገባ። ሕዝቡም "እንዴት ያለ ጠንቃቃ ነው!" እያለ ተበተነ።

በመጀመሪያው ቀን ሸንጎ ተቀመጠ። ኳሷ ስትመጣ መንጠልጠያዋ የለም።

"ክቡር ዳኛ፣ መንጠልጠያዋስ?" አለ አለቃ ከርከሮ።

"ምርመራ ላይ ነው" አለ አያ ጅቦ።

ደጋፊው ምንጩ ዳር ወርዶ ተከራከረ። ከርከሮዎቹ "ሦስቱም ጎል ይሰረዝ" አሉ። ዝንጀሮዎቹ "ከመቀመጫችን ፀጉር ይነቀል እንጂ ጎላችን አይሰረዝም" አሉ። አንዱ ጃርቷን በእሾኽዋ ስትወጋ አይቻለሁ አለ። ሁለተኛው ሁለቴ ስትወጋ አይቻለሁ አለ። ሦስተኛው አላየም ነበር፤ እሱ ነው አብልጦ የማለው።

እመት ጃርት ከቁጥቋጦ ሥር ሆና ትሰማለች። ወደ ጉድጓዷ ገብታ እንኮይን አሸተተቻት። "ነገ ኳሷን ፀሐይ ላይ ያደርጓታል። ነገ ሁሉም ይታያል" አለች ለራሷ።

በሁለተኛው ቀን ሸንጎ ተቀመጠ። ኳሷ ስትመጣ ግማሽ ልብሷ የለም።

"ክቡር ዳኛ፣ ቁርበቷስ?"

"ልብሷን ሳላወልቅ ሆዷን እንዴት ልይ?" አለ አያ ጅቦ፣ ከንፈሩን እየላሰ። "ምርመራው እየጠለቀ ነው።"

እመት ጃርት ዘላ ወደ ፊት ወጣች። "ክቡር ዳኛ፣ ስለ ፈጣሪ! ፊኛው ገና ደህና ነው። ትንሽ ፀሐይ ያግኝ፤ ለአንድ አፍታ ብቻ!" አለች።

"ተከሳሿ ዳኛ ልታስተምር ነው!" አለ አያ ጅቦ። ሕዝቡ ሳቀ። ልጆቼ፣ በተጨነቀ ሰው ላይ እንደ መሳቅ ያለ ክፉ ነገር የለም።

በዚያን ቀን ቀትር ላይ ጦጢት ወደ ጉድጓዱ መጣች። ጎረቤት ናት፤ እንኮይ ስትወለድ እንኳን ማርያም ማረችሽ ያለች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። እመት ጃርት ደስ አላት። ቢያንስ አንድ ወገን አለኝ አለች።

"እኅቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ" አለች ጦጢት። "እኔ ነኝ በይ። ብቻዬን ነው ያደረግሁት፣ ዝንጀሮዎች አያውቁም በይ። እንዲያ ካልሽ ጎላችን አይሰረዝም።"

"አላደረግሁትም እኮ!"

"አውቃለሁ። ግን አንቺ አንዲት ነሽ፤ እኛ ብዙ ነን። ውኃው ደግሞ ውኃ ነው።"

ጦጢት ይህን ብላ ሄደች። ከዚያች ሰዓት በኋላ በላይ በኩልም በታች በኩልም የሚወራው አንድ ሆነ፤ ጃርቷ ናት። ለሁለት ቀን ሲቧጨቁ የነበሩት በሷ ላይ ታረቁ።

በሦስተኛው ቀን ሸንጎ ተቀመጠ። አያ ጅቦ ባዶ እጁን መጣ። ሆዱ ግን ቀድሞት ነበር የመጣው።

"ክቡር ዳኛ፣ ኳሷስ?"

"በሚገባ ተመርምራ አልቃለች" አለ። "ውጤቱን ለማሰላሰል አንድ ቀን ይጨመርልኝ። እስከዚያ ተከሳሿ እንዳትጠፋ ዋስ ያስፈልጋል። ያቺ ልጇ ዋስ ትሁን። ከእኔ ዘንድ ትቀመጥ።"

"ተገቢ ነው!" አሉ ከርከሮዎቹ።

"ተገቢ ነው!" አሉ ዝንጀሮዎቹ።

እመት ጃርት አያ ጅቦ እንኮይን ሲያይ ዓይኑን አየችው። በመጀመሪያው ቀን መንጠልጠያው፣ በሁለተኛው ቀን ቁርበቱ፣ በሦስተኛው ቀን ኳሷ። ቀጥሎ የሚመረመረው ማን እንደሆነ ገባት። ፍርሃቷ ከመብዛቱ የተነሣ ሞልቶ ፈሰሰና ደፋር ሆነች።

"ጃንሆይ!" አለች። ድምፅዋ ያን ቀን ቀጭን አልነበረም። "ልጄን ዋስ አድርጊ ማለት ፍርድ ነው ወይስ ወሬ?"

"ፍርድ ነው እንጂ" አለ አንበሳ።

"ፍርድ ከሆነ ዳኛው በልማዳችን ተጉመጥምጦ ይናገረው። ያን ጊዜ ልጄን እኔው አምጥቼ አስረክባለሁ።"

ሕዝቡ ተያየ። ከጩኸቱ ብዛት ልማዱን ሁሉም ረስቶት ነበር።

"አልጠማኝም" አለ አያ ጅቦ።

"ተጉመጥመጥ ነው እንጂ ጠጣ ማን አለህ?" አለ አንበሳ። በቅል ውኃ ቀርቦ ከፊቱ ተቀመጠ። አያ ጅቦ በተዘጋ ከንፈሩ ጥቂት ውኃ ሳበ። ጉንጩን ነፋ፤ አዞረው። ሊተፋው ግን አልፈለገም። ሕዝቡ ይጠብቃል፤ እሱ ጉንጩን ይነፋል። ኋላ ትንፋሽ አጠረውና ብው ብሎ አፉ ተከፈተ።

በመንጋጋው ጥርስ መካከል አንድ ጠፍር ተንጠልጥሏል። በጠፍሩ ላይ ሦስት ቋጠሮ አለ።

"ያ ቋጠሮ የእኔ ነው" አለች እመት ጃርት። "በዚህ አገር እንዲያ የሚቋጥር ሌላ የለም።"

አንበሳ ቀርቦ አየ። "ይህ የኳሷ ስፌት አይደለም ወይ?" አለ።

"ስ... ስመረምር ጥርሴ ውስጥ ገብቶ ነው" አለ አያ ጅቦ።

ከዚህ በኋላማ ምን ልንገራችሁ! ከርከሮው በጥርሱ፣ ዝንጀሮው በድንጋይ፣ አንበሳው በግሣት አያ ጅቦን አጣደፉት። ቂጡን ዝቅ አድርጎ ሲሮጥ ሦስት ኮረብታ አለፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ሜዳ ዳግመኛ አልረገጠም።

አንበሳ ተመልሶ ተቀመጠና፣ "እመት ጃርት ነጻ ናት" አለ። ሕዝቡ እልል አለ። እመት ጃርት እንኮይን በአፍንጫዋ ነካ ነካ እያደረገች አለቀሰች። አበቃ ብላ ነበር።

አላበቃም። እልልታው ሳይበርድ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ "ለመሆኑ ግን፣ ኳሷን ማን ወጋት?" አለ።

"እውነት ነው፣ ጅቡ በላት እንጂ አልወጋትም" አለ አለቃ ከርከሮ።

"እኔም እሱን ነው የማስበው" አለች ጦጢት።

"በፀሐይ ትነፋለች ብላ የለም እንዴ? እስኪ ታሳየን!" አለ ሌላው።

በምን ታሳያቸው? ኳሷ ጅብ ሆድ ውስጥ ናት። ቀድሞ ስትለምናቸው ፀሐይም ነበረች፣ ኳስም ነበረች።

እመት ጃርት ልጇን ከፊቷ አስቀድማ በሕዝቡ መካከል መንገድ ጀመረች። እሾኽ ፈርቶ ሁሉም ዘወር አለላት።

"እኅቴ፣ ነጻ ወጥተሽ የለም ወይ? ወዴት ነው?" አለቻት ጦጢት።

"ነጻ ያወጣኝ ንጉሡ ነው" አለች እመት ጃርት። "የምኖረው ግን ከእናንተ ጋር ነበር።"

ሄደች። በሁለት ኮረብታ መካከል ቋጥኝ ያለበት ቦታ አግኝታ ጉድጓድ ማሰች። የእንኮይ እሾኽ እስኪጠነክር ድረስ በሯ ላይ ተኝታ ጠበቀቻት፤ ጠነከረም።

በዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ ዝንጀሮዎችና ከርከሮዎች ሜዳው ላይ ተሰለፉ። ደጋፊው ሞላ። ኳስ ግን የለም። ዝንጀሮ እንዳይሰፋ፣ ብትለሰልስ ሊከሱኝ ነው አለ። ከርከሮ እንዳይሰፋ፣ ብትጠነክር ሊከሱኝ ነው አለ። ወደ ጃርት ሰው ይላክ ተባለ፤ ሄዶ ፊቷን ለማየት የደፈረ አልተገኘም። ፀሐይ እስክትገባ ድረስ ተፋጥጠው ዋሉ። በዚያ በጋ ማን ቀድሞ እንደሚጠጣ የሚለይ ስለሌለ ሁሉም ምንጩን አንድ ላይ ረገጡት፤ ሁሉም የደፈረሰውን ጠጡ።

ልጆቼ፣ ያላዩትን አየን ማለት ከጅብም ይከፋል። ጅብ የበላው ኳሷን ብቻ ነው፤ እነሱ ግን ጎረቤታቸውን በሉ። አንድ ሰው ሲከሰስ ብትሰሙ ከመጮኻችሁ በፊት ነገሩን ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፤ ዳኛ ስትመርጡም ምን እንደሚበላ ጠይቁ።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ውሰዱት። ለሌላ ስታወሩት ግን ምንም አትጨምሩበት።