ቶሎ የቀዘቀዘው ቦታ

ትልልቅ የብረት ታንከሮች የሚሠሩበት አንድ ፋብሪካ ነበር። እዚያ ብርነሽ የምትባል መርማሪ ትሠራለች። ሥራዋ ታንከሩን ዝገት እንዳይበላው የተቀባው ቀለም በቂ ውፍረት እንዳለው ማረጋገጥ ነው። ቀለሙን ሳትፍቅ፣ በኃይለኛ መብራት ለአፍታ ታሞቀውና ሙቀትን በሚያይ ካሜራ ትመለከተዋለች። የወፈረው ቦታ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። የሳሳው ግን ቶሎ ይቀዘቅዝና ካሜራው ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ብርነሽም ብረት ፊት ቆሞ መጠበቅ ታውቅበታለች።

ታንከሮቹን የሚቀቡት ጋሽ ዘለቀ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ፋብሪካውን ግን በሳቅ ይሞሉታል። ብርነሽ ጠዋት በአጠገባቸው ስታልፍ፣ "ጋሼ፣ ደህና አደሩ?" ትላለች። መልሳቸውን ሳትጠብቅ ግን በሩን አልፋ ትሄዳለች።

"አንቺ ልጅ፣ ጥያቄሽን ጥለሽው ሄድሽ እኮ! ነይ ውሰጂው!" እያሉ ሰው ያስቁባታል። እሷም ትስቃለች፤ አትመለስም።

አንድ ቀን ካሜራው ላይ፣ ከታንከሩ ጫፍ በኩል ሰማያዊ ታየ።

"ጋሼ፣ ላይኛው ጋ ሳስቷል።"

"ይሄ ካሜራሽ ምን አድርጌው ነው የሚጠላኝ?"

"እንግዲህ ይድገሙታ!"

"እሺ ልጄ፣ እደግመዋለሁ" አሉና ብሩሹን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩት። ብርነሽ አየች፤ ግን ካሜራዋን እየሰበሰበች ነበር።

በሚቀጥለው ታንከር ላይ ሰማያዊው ወደ ትከሻ ቁመት ወረደ። ከዚያ ደግሞ ወደ ደረት። በየጊዜው "ይድገሙት" ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ይስቁና ይደግሙታል።

አንድ ሰኞ ጋሽ ዘለቀ ከሥራ ቀሩ። ቤታቸው ሞተው ተገኙ።

ለቅሶው ላይ አንዲት አሮጊት ጎረቤታቸው እያለቀሱ እንዲህ አሉ፦ "ደረቱን ይወጋው ነበር። ክንዱን ማንሳት ካቃተው ቆየ። ሐኪም ቤት ሂድ ስለው፣ ብቻዬን እፈራለሁ ይለኛል። እኔ እንዳልወስደው እግሬ አይሄድልኝ። አብሮት የሚሄድ አንድ ሰው አጣ።"

ብርነሽ ሥራ ስትገባ፣ እሳቸው መጨረሻ የቀቡትን ታንከር አሞቀችና ካሜራዋን አነሣች። ሰማያዊው የጀመረው ክንዳቸው ከዚያ በላይ መነሣት ካቃተው ቦታ ላይ ነበር። ያ ሁሉ ታንከር ሕመማቸውን ሲነግራት ከርሟል፤ እሷ ግን ቀለሙን ብቻ ስታይ ነበር።

"ጋሼ፣ ደህና አደሩ?" አለች ቀስ ብላ። ያን ቀን መልሱን ለመስማት ቆመች። ብረቱ ዝም ብሎ ቀዘቀዘ።

የሰውም ሳቅ እንደ ቀለም ነው፤ ላይ ላዩን ሲያዩት ሁሉም ያበራል። የሳሳበትን ማወቅ የሚፈልግ፣ ሞቅ አድርጎ ጠይቆ መልሱ እስኪመጣ መቆም አለበት። እናንተስ ዛሬ ጠዋት "ደህና አደርክ?" ያላችሁት ሰው ምን ብሎ እንደመለሰ ሰምታችኋል?