የሚዜዎቹ መኪና

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በአንድ ከተማ ሲፈልጉ ተስማምተው ሲፈልጉ ተናክሰው በሚኖሩበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ወንዝ ዳር ካለ ትልቅ ዋርካ ሥር መኪና እያጠበች ትኖር ነበር። ሥራዋን ከልቧ ትወደዋለች። ባጸዳችው መኪና በር ላይ ረጃጅም ጆሮዎቿን ስታይ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ሌላው አጣቢ በውሃና በሳሙና ይበቃዋል፤ እሷ ግን ከንቦች ያገኘችውን ሰም ቀብታ፣ በለስላሳ ጨርቅ ወልውላ፣ መኪናው ለሳምንታት እንዲያብረቀርቅ ታደርገዋለች። ለዚህ ሥራ ታዲያ ጥላ የግድ ነው። ፀሐይ ባጋለው ቆርቆሮ ላይ የተቀባ ሰም ቶሎ ይደርቅና ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀራል። በዚያ ወንዝ ዳር ደግሞ ከዋርካው በቀር ጥላ የሚባል ነገር አልነበረም።

ዋርካው የአንበሳ ነው። በዚያ አገር የአንበሳ ያልሆነ ነገር ለማግኘትማ ብዙ መዞር ያስፈልግ ነበር።

አንድ ቀን አንበሳ ራሱ ወደ ወንዙ ወረደ። እሑድ ሁለተኛ ልጁን ሊድር ነው። በአገሩ ልማድ ሙሽራዋን ይዘው የሚሄዱት መኪኖች፣ ረቡዕ ለመልስ ግብዣ እሷንና ባሏን ይዘው ወደ አባቷ ቤት ይመለሳሉ።

«ባለፈው ዓመት ታላቋን ስድር» አለ አንበሳ፣ «መኪናዬ እሑድ እያበራ ሄዶ ረቡዕ ከሰል የጫነ መስሎ መጣ። አማቶቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። ዘንድሮ የሚስቅብኝ አልፈልግም።»

አህያ አፏን ከመክፈቷ በፊት እመት ቀበሮ ከየት መጣሽ ሳትባል ብቅ አለች። ቀበሮ በከተማው የታወቀች ደላላ ናት፤ የሚሸጥ ነገር ባይኖር እንኳ ገዢ አታጣም። አያ ጅቦ ከአህያ የተሻለ መኪና እንደሚያስውብ፣ ቦታ አጥቶ እንጂ ሙያው እጁ ላይ እንዳለ፣ ምላሷን እያለሰለሰች ለአንበሳ አወራችለት። እውነቱን ለመናገር ጅብ በሕይወቱ አንድ ሰሃን እንኳ አጥቦ አያውቅም።

አንበሳ ጥቂት አሰበ። ሁለት ጥቁር መኪኖች አሉት። ሙሽራዋ የምትሄድበትን ለጅብ፣ ሚዜዎቹ የሚሄዱበትን ለአህያ ሰጠና «ረቡዕ መኪናው እንደ እሑዱ ሆኖ ከተመለሰ፣ ዋርካው የዚያ ባለሙያ ነው። የተሸነፈው ግን ከዚህ ወንዝ ዳር ይነሣል» ብሎ ፈረደ።

የሙሽራዋን መኪና መከልከሏ አህያን አስከፋት፤ ጥላዋን ማጣት ደግሞ ሙያዋን ማጣት ነው። ቢሆንም «እሺ ጌታዬ» ብላ ባልዲዋን አነሣች።

ቅዳሜ ጧት ሥራው ተጀመረ። አህያ መኪናውን ከጣራው ጀምራ ወደ ታች አጠበች፣ አለቀለቀች፣ አንዲት የውሃ ጠብታ ሳታስቀር አደረቀች። ከዚያ ሰሙን በስፖንጅ እየነካች በስሱ፣ በጣም በስሱ፣ ከበር ወደ በር እየዞረች ቀባች። ብዙ ሰም ብዙ ውበት የሚመስለው ሙያውን የማያውቅ ብቻ ነው።

ጅብ በበኩሉ እስከ ረፋድ ድረስ ተጋድሞ ቆየ። ቀበሮ አንድ ድስት የቀለጠ ሞራ ይዛለት መጣች።

«ይህን ትቀባዋለህ» አለችው። «አትልሰውም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ብቀምሰውስ?»

«ዋርካው የእኛ ሲሆን ያሻህን ትቀምሳለህ።»

ጅብ ምራቁን እየዋጠ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ፣ ሞራውን በመኪናው ላይ ለቀለቀው። ፀሐዩ ሲያርፍበት መኪናው ዓይን እስኪወጋ አበራ። የጅብ ሥራ በግማሽ ሰዓት አለቀ፤ የቀረውን ጊዜ መዳፉን እያሸተተ አሳለፈ።

የአህያ መኪና ግን በዚያው ሰዓት ጉድ ሆኖ ነበር። የተቀባ ሰም እስኪደርቅ ድረስ እንደ ጉም ነጭ ይሆናል፤ የሚወለወለው ከዚያ በኋላ ነው። ቀበሮ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ስለዚህ ሮጣ ሄዳ አንበሳን ጠራችው። አንበሳ ነጩን መኪና ሲያይ ጎፈሩ ቆመ።

«ምንድን ነው ይኼ? የልጄ ሚዜዎች ከወፍጮ ቤት የወጣ መኪና ላይ ሊሳፈሩ ነው?»

ቀበሮ አዛኝ መስላ፣ ነገሩ ሳይብስ አሁኑኑ ቢጠረግ እንደሚሻል መከረች። አሁን ቢጠረግ ሰሙ ሁሉ ከጨርቁ ጋር ይወጣል፤ ቀበሮም የፈለገችው ይህንኑ ነበር። አንበሳ ሲቆጣ የቆመ ሁሉ ይሮጣል፣ አህያም መሮጥ አማራት። ግን አህያን ታውቋታላችሁ፤ አንድ ጊዜ እንቢ ካለች አገር ቢገፋት ንቅንቅ የለም።

«ጌታዬ፣ ሳይደርቅ አይነካም» አለች። «ቢፈልጉ ይብሉኝ፣ አሁን ግን አልወለውለውም።»

አንበሳ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ አያውቅም። ከላይ እስከ ታች አያትና እያጉረመረመ ሄደ። ምሳውን በልቶ የመጣ ይመስለኛል። አህያ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ጠበቀች፣ ሰሙን በጣቷ ነክታ መድረቁን አየች፣ ከዚያ ክንዷ እስኪዝል ወለወለች። እንደገናም ሰሙን አንድ ጊዜ በስሱ ደግማ ቀብታ ወለወለችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሥራው አለቀ።

እሑድ ከተማው በሙሉ ለሙሽራዋ መኪና አጨበጨበ። የሚዜዎቹም መኪና ያምር ነበር፤ ከዚያኛው አጠገብ ግን ማን ያየዋል። ጅብ «የእኔን መኪና የማንም እጅ አይነካውም» ብሎ ከሹፌሩ ጎን ገብቶ ቁጭ አለ። መኪኖቹ እየዘፈኑ፣ ጥሩንባ እየነፉ፣ ባዩት ሰው ሁሉ ላይ አቧራ እያለበሱ ወደ ማዶ ተሻገሩ።

አህያ ብቻዋን ቀረች። ሰኞና ማክሰኞ ሣሩ አልጥም አላት። ጨርቆቿን አጥባ አጣጠፈች፣ የዋርካውን ሥር ጠረገች፣ ጠርጋ ስትጨርስ መልሳ ጠረገች። ቀበሮ ገመድ ይዛ መጥታ፣ ለደንበኞቿ አግዳሚ ወንበር የምታስቀምጥበትን ቦታ ስትለካ አህያ ዓይኗን ወደ ወንዙ መለሰች። ረቡዕ ጧት ደግሞ ዝናብ ጣለ። በዚህ ጭቃ ምን ተርፎ ይመለሳል ብላ ተስፋ ቆረጠች።

ጥሩንባው የተሰማው ዝናቡ ሲያባራ ነው። አንበሳ፣ አጃቢዎቹና መላው ከተማ መንገድ ዳር ወጡ፤ አህያም ከኋላ ቆማ አንገቷን አሰገገች። መጀመሪያ የሚዜዎቹ መኪና መጣ። ጎማው ጭቃ በጭቃ ነው፤ አካሉ ላይ ግን የዝናቡ ውሃ እየተንከባለለ ይወርዳል፣ የወረደበትም ቦታ እንደ መስተዋት ያበራል። በሩ ተከፈተና ሚዜዎቹ ወጡ። ከመካከላቸው ደግሞ ተጣብቀው ተቀምጠው የነበሩት ሙሽራዋና ሙሽራው ወጡ።

«በእናንተ መኪና አይደለም እንዴ የሄዳችሁት?» አለ አንበሳ።

«አባዬ፣ ያኛውን ሳታየው አትጠይቀኝ» አለች ሙሽራዋ። «ቀሚሴ በሩን ቢነካ ሞራ ሆነ። ዝንቡም እስከ አማቶቼ ደጅ ድረስ አጅቦናል።»

ያኛውም ደረሰ። ከእሑድ ጀምሮ የሰበሰበው የመንገድ አቧራ ከሞራው ጋር ተጣብቆ ዝናቡ እንኳ አላጠበውም። በአቧራው መሐል፣ ከበሮቹ እስከ ጣራው፣ እንደ መዳፍ የሰፋ የምላስ መንገድ ወዲህና ወዲያ ይሄዳል። ጅብ ሆዱ ተነፍቶ እየተንገዳገደ ወረደ።

«አያ ጅቦ» አለ አንበሳ ቀስ ብሎ፣ «መኪናዬን ማን ላሰው?»

«እኔ አይደለሁም ጌታዬ» አለ ጅብ። «ደግሞስ ጨው እንኳ የለውም።»

መጀመሪያ የሳቁት ሙሽሮቹን ለመልሱ አጅበው ከማዶ የመጡት አዲሶቹ አማቶች ናቸው። አንበሳ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ሳቁ ቀደመው፤ ጎፈሩ እስኪርገፈገፍ ከእነሱ ጋር ሳቀ። ቀበሮ እሷ ደላላ ብቻ እንደሆነች እየተናገረች፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለች ከሰዉ መሐል ሹልክ ብላ ጠፋች።

አንበሳ አህያን አስጠርቶ ዋርካው የእሷ መሆኑን በሁሉ ፊት ነገራት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«ቅዳሜ ስቆጣሽ ለምን አልሸሸሽም?»

«ብሸሽ ሰሙን ማን ይወለውለው ነበር ጌታዬ?»

ይህን ብላ ከደስታዋ ብዛት አናፋች። ዘፋኞቹ ከበሯቸውን አቁመው አዳመጡ፤ እስክትጨርስ ድረስ ሌላ ምርጫም አልነበራቸውም። ጅብ ከወንዙ ዳር ከመነሣቱ በፊት የላሰውን መኪና በሙቅ ውሃና በሳሙና እንዲያጥብ ተፈረደበትና ከሰዓቱን በሙሉ ዋርካው ሥር ሲፈትግ ዋለ። አህያ ከአጠገቡ ቆማ እጁን እያረመች አስተማረችው፤ ምላሱ በወጣ ቁጥርም «አያ ጅቦ፣ በጨርቁ» ትለው ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ በችኮላ ተለቅልቆ ዓይን የሚያማልል ነገር መንገድ ላይ እንደሚቀር፣ ሰዓቱን ጠብቆ በትዕግሥት የተወለወለ ሥራ ግን አቧራውንም ዝናቡንም አልፎ እያበራ ቤቱ እንደሚገባ ነው።