ሼህ በያን፣ ላማቸው ዳልቻና ሁለቱ ማለቢያ ማሽኖች

በቢስሚላህ ብጀምርም አስቀድሜ አንባቢን አፉ በሉኝ ማለት አለብኝ። የአንድ ሼህ ታሪክ ሲነገር ስለ ሶላታቸው፣ ስለ ኪታባቸው፣ ስለ ዱዓቸው መሆን ነበረበት። የኔ ግን ስለ ላም ጡት ነው። በዚያ ላይ አንድ የተከበሩ ነጋዴ ጥቂት ይነካሉ። ልነካቸው አስቤ አይደለም፤ ታሪኩ በደጃቸው ስለሚያልፍ ነው። ዝም ማለት ይሻል ነበር፤ ሞክሬው አልሆነልኝም።

ከጥንት ከተሞች በአንዲቱ፣ መስጊዷ ከገበያው በላይ ኮረብታ ላይ በተሠራባት፣ ሼህ በያን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን ያቀራሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ከዱንያ ያላቸው ዳልቻ የምትባል አንዲት ላም ናት። የሚያልቧት ባለቤታቸው እትይ መዲና ናቸው። በዚያ አገር ወንድ ላም አያልብም። ማን እንደከለከለው አይታወቅም፤ ኪታብ ውስጥም የለም። ቢሆንም ከብዙ ኪታብ በላይ ይከበራል።

እትይ መዲናን ቁርጥማት ያዛቸውና ጣቶቻቸው አልታጠፍ አሉ። ዳልቻ ደግሞ ከሳቸው ሌላ ሰው ሲጠጋት ወተቷን ትይዛለች። ጎረቤት ሴቶች ተራ በተራ ሞከሩ፤ ተራ በተራ ተረገጡ። የላሟ ግት ተወጥሮ ታቃስት ጀመር። ወተቱ ካልወጣ ልትታመም ነው፤ ላሟ ከታመመች ደግሞ የሚጎዳው የሼሁ ቤት ብቻ አይደለም። ጡቷ የነጠፈባት አራስ ጎረቤታቸው ሉባባ ልጇን የምታሳድገው በዚያ ወተት ነበር።

አንድ ማለዳ ሼህ በያን ከሱብሂ ሶላት ተመልሰው ጥምጣማቸውን አወለቁ፤ የባለቤታቸውን ቢጫ ሻርፕ ተከናንበው በረት ገቡ። ዳልቻ ሻርፑን አሸተተችና ወተቷን ለቀቀች።

“ቀስ ይበሉ እንጂ! የጉድጓድ ገመድ መሰለዎት?” አሉ እትይ መዲና ከበሩ ላይ።

“አብሽሪ፣ እየወጣ ነው።”

“የሚወጣውማ እጅጌዎ ውስጥ እየገባ ነው።”

በአጥሩ ቀዳዳ ያየ ሰው ነበር። ወሬውም ከቀትር በፊት ማሽን አስመጪው ሐጂ ተማም ዘንድ ደረሰ።

ሐጂ ተማም ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸው ምስክር ስለሚወድ ብቻቸውን ሲሆኑ አያደክሙትም እንጂ። በዚያ ሰሞን ሁለት ዓይነት የወተት ማለቢያ ማሽን አስመጥተው ነበርና ሁለቱንም አስጭነው ሼሁ ቤት መጡ። አንዱ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጄኔሬተር የሚሠራ ነው። ሌላው ትንሽ ነው፤ ፓምፑ በእግር ይረገጣል።

መጀመሪያ ትልቁ ተነሣ። እሱ ሲያጓራ ዳልቻ ገመዷን በጥሳ የጎረቤት ጎመን ላይ ወጣች። በስንት ልመና ተመለሰች። ትንሹን እትይ መዲና ራሳቸው በእግራቸው ረገጡት፤ ላሟን በመዳፋቸው ጀርባ እያሻሹ አባበሏት። ወተቱ በቱቦው ሲወርድ ታየ። ሴትዮዋ ከታመሙ ወዲህ ገና ያን ጊዜ ሳቁ።

“ይሄ ነው የኛ። ዋጋውን ንገረን” አሉ ሼህ በያን።

“አስተግፊሩላህ! እኔ ከሼህ ዋጋ ልቀበል? ትልቁን በነፃ ይውሰዱ። ከርስዎ የምፈልገው ዱዓና አንዲት ቃል ናት።”

“ምን የምትል ቃል?”

“ጁምዓ ከሶላት በኋላ ለጀመዓው ‘በእጅ የታለበ ወተት ሹብሃ አለበት፤ ከጥርጣሬ የጸዳው የማሽኑ ነው’ ይበሉልኝ። ከርስዎ አፍ ከወጣ አገር ምድሩ ይገዛኛል።”

“ሐጂ፣ እናትህ በእጇ አልባ ነው ያሳደገችህ። አንተንም ሹብሃ አለበት ልበል?”

“ቀልዱን ይተዉት፣ ሼህ።”

“ተውኩት። ትንሹን ሽጥልኝ።”

“ያለ ቃሉ ትንሹም አይሸጥም።” ሐጂ ተማም ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ደግሞ የሴት ሻርፕ ተከናንበው እንደሚያልቡ ሰምቻለሁ። ለጊዜው ይዤዋለሁ። ገበያ ከወጣ ግን ይሄን ጥምጣም ማን ያከብረዋል?”

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ምን ያደርግ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አንዲት ቃል ናት፤ ላንቃ አትሰነጥቅም። እኔ ብሆን ሁለት ጁምዓ እደግምላቸው ነበር። ሼህ በያን ግን አጉል ግትርነት ይዟቸው “ማሽኖችህን ጫን” አሉ።

ሐጂው ሲወጡ እትይ መዲና ጣቶቻቸውን አዩ። “የሉባባ ልጅስ?”

“ነገም እኔው አልባለሁ።”

“ሰው ይስቅብዎታል እኮ!”

“ይሳቅ። ሳቅ ወተት አያደርቅም።”

ጁምዓ ደረሰ። ኢማሙ አሰላምተው ሶላቱን እንደጨረሱ ሼህ በያን ቀድመው ወረዱና ዳልቻን ከበረት አውጥተው መንገድ ዳር፣ በራቸው ላይ አሰሯት። ጥምጣማቸውን አጣጥፈው ድንጋይ ላይ አኖሩ። ቢጫውን ሻርፕ በፀሐይ ብርሃን ተከናነቡ፤ የማለቢያውን ዕቃ በጉልበታቸው መሃል ይዘው ቁጭ አሉ።

ከመስጊድ የሚወርደው ሕዝብ ቆመ። አንዱ “ሱብሃነላህ!” አለ። ሥጋ ሻጩ ግን አላስቻለውም፤ “እትይ በያን፣ እንዴት ዋሉ?” ሲል መንገዱ በሳቅ ፈረሰ።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ ሼህ በያን። “በል ና፣ ዕቃውን ደግፍልኝ። እጄ ገና አልለመደም።”

ሥጋ ሻጩ ሳቁን ሳይጨርስ ዕቃ ይዞ ተንበርክኮ ተገኘ።

“ሐጂ ተማም ማሽን አምጥቶልዎት አልነበር?” አለ ሌላው።

“አምጥቶልኝ ነበር። ያ ጀመዓ፣ በእጅ የታለበ ወተት ሐላል ነው። ሹብሃ አለበት የሚል ቢመጣባችሁ፣ ይህቺ ቃል ከኔ በትልቅ ማሽን ልትገዛ ነበር በሉት። ትልቁ ማሽን ላም ያስበረግጋል፤ ለአንዲት ላም አትግዙት። ትንሹ ግን ደግ ዕቃ ነው፤ እጁን ለታመመ ሰው ይሆናል። ይሄን የምለው ሳይከፈለኝ ነው።”

ሕዝቡ ከመሃሉ ወደ ቆሙት ወደ ሐጂ ተማም ዞረ። “ሐጂ፣ ትንሹ አለ?”

ሐጂ ተማም ላባቸውን ጠረጉ። “አለ… ለፈለገ ሁሉ አለ።”

“ለመዲናስ?” አሉ ሼህ በያን።

መንገዱ ሙሉ ሰው አፍ አፋቸውን አያቸው። “ለእትይ መዲናም” አሉ ሐጂ ተማም። ከዚያ ንዴቱ አሸነፋቸው። “ግን ይሄን ጥምጣም እንዲህ ያዋርዱታል?”

ሼህ በያን እጃቸውን ከጡቱ ሳያነሡ ቀና አሉ።

“ጥምጣሙን የሚፈልገው ሰው ነው፤ ላሟ የምትፈልገው ሻርፑን ነው። ዛሬ ጉዳዬ ከላሟ ጋር ነው።”

የዚህን ንግግር ትርጉም አንዳንዱ ሰብር፣ ትዕግሥት ነው፣ አንዳንዱ ራስን ዝቅ ማድረግ ነው ይላል። እኔ አስቤ አስቤ የደረስኩበት ግን ያስፈራል። ልናሳፍረው ያልቻልነውን ሰው ልንገዛውም አንችልም ማለት ነው። ይህ ከተለመደ ሰው ለትልልቅ ሰዎች በምን ይታዘዛል? ስጦታቸው ማንን ያስራል? የያዙትን ወሬስ ለማን ይይዙታል? አንድ ሽማግሌ በጠራራ ፀሐይ አንድ ሻርፕ ቢከናነብ የስንት ዓመት ሥርዓት ተናጋ።

ስለዚህ በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ይህን ታሪክ ለማንም እንዳትደግሙት። በተለይ ነገ ቃሉን እንዲሸጥ የተጠየቀ ሰው ካለ፣ እሱ ጆሮ እንዳይደርስ።